የማኅበራችን ኮሚቴዎች ሥራ በጽሑፍ ይታወቅ

የምጽፈው በእንስሳት ሐኪሞች የሙያ ማኅበራችን ውስጥ በበጎ ፈቃድ ስለሚያገለግሉ ኮሚቴዎች ነው።

ባለፈው ወር አንድ ገበሬ በሬውን እየነዳ ወደ ክሊኒካችን መጣ። በፌስታል የተጠቀለለ፣ ግማሹ ያለቀ የኦክሲቴትራሳይክሊን (የፀረ ባክቴሪያ መድኃኒት) ብልቃጥ ይዟል። ከገበያ ገዝቶ ራሱ ነው የወጋው። የበሬው ትከሻ አብጦ መራመድ አቅቶታል። ስንት ሲሲ እንደሰጠው ጠየቅኩት። «ስሪንጁ እስኪሞላ» አለኝ። መድኃኒት እንዲህ በዘፈቀደ ሲሰጥ ተህዋሲያኑ ይለማመዱታል፤ ቅሪቱም በወተትና በሥጋ ወደ ሰው ይመጣል። ጉዳዩን ለማኅበሩ ላሳውቅ ፈለግኩ። የሚመለከተው ኮሚቴ አለ ይባላል። ሥራው ምን እንደሆነ፣ ጥቆማ ለማን እንደሚላክ ግን የተጻፈ ነገር አላገኘሁም። ድርሻው ያልተለየ በጎ ፈቃደኛ ደግሞ ቶሎ ይሰለቻል፤ አይፈረድበትም።

ሌላው፣ ስብሰባው ሁሉ አዲስ አበባ ሲሆን የወረዳ ባለሙያ ይቀራል። እ.ኤ.አ. በ2011 ከዓለም መጥፋቱ የታወጀው የከብት ደስታ በሽታ በቤተ ሙከራ ሥራ ብቻ አልተሸነፈም። በአፋር፣ ሙቀት የሚቋቋመውን ክትባት ይዘው ከብቱን የተከተሉት ከአርብቶ አደሩ መሐል የሠለጠኑ ሰዎች ናቸው።

ስለዚህ በሚቀጥለው ጠቅላላ ጉባኤ የእያንዳንዱ ኮሚቴ ድርሻ በአንድ ገጽ ተጽፎ ይጽደቅ። የአባላቱ ዘመን ሁለት ዓመት ይሁን። ቢያንስ ሁለት አባላት ከወረዳ ይመረጡ፤ በስልክም እንዲሰበሰቡ ይፈቀድ።

የወረዳ የእንስሳት ሐኪም