«የድሬ አቧራ ነው»

ይድረስ ለአዘጋጁ፤

እዚህ ድሬዳዋ፣ ከዚራ አካባቢ አንድ የግል ድርጅት ውስጥ እሠራለሁ። ከጎኔ የምትቀመጠው ልጅ ሦስት ሳምንት ሙሉ ሳለች። «አቦ፣ የድሬ አቧራ ነው» ትላለች። አመንናት። አቧራው እንዳይገባ ብለን መስኮቱን ዘጋን! ሁለት ሳምንት የሞላው ሳል ግን ለቲቢ መመርመር አለበት። በመንግሥት ጤና ጣቢያ ምርመራውም መድኃኒቱም በነፃ ነው። እሷ የፈራችው የደመወዝ ቅነሳውን ነው። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ግን የሙከራ ጊዜውን ለጨረሰና የሐኪም ማስረጃ ላቀረበ ሠራተኛ በሕመም ፈቃድ የመጀመሪያውን ወር ሙሉ ደመወዝ፣ ቀጣዮቹን ሁለት ወራት ግማሹን ይፈቅዳል። የቀን ሠራተኛው ነገርማ ሌላ ጣጣ ነው፤ ካልዋለ አይበላም። አሁን እኔም ማሳል ጀምሬያለሁ። ነገ ጤና ጣቢያ ነኝ። አለቃዬ ይህን ካነበቡ ፈቃድ እንደጠየቅኩ ይቁጠሩልኝ።

አንባቢያችሁ፣ ከድሬዳዋ