«ከብድር ውዝፍ ነፃ የሆነ ገንዘብ ተቀባይ ይፈለጋል»

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣
ባሕር ዳር

ባለፈው ሳምንት በግሽ ዓባይ ክፍለ ከተማ በአንድ የማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ የተለጠፈ የክፍት ሥራ ቦታ ማስታወቂያ አነበብሁ። ስሙን የማልጠቅሰው አንድ የግል ድርጅት ሁለት ገንዘብ ተቀባዮችና አንድ የንብረት ክፍል ሠራተኛ መቅጠር ይፈልጋል። በሒሳብ አያያዝ ዲፕሎማ፣ የሁለት ዓመት የሥራ ልምድ፣ ደመወዝ በስምምነት፣ አስተማማኝ ተያዥ ማቅረብ የሚችል ይላል፤ እስከዚህ ድረስ የለመድነው ነው። ከዚያ በታች ግን «ከማንኛውም የገንዘብ ተቋም የብድር ውዝፍ ነፃ መሆኑን የሚያረጋግጥ ማስረጃ የሚያቀርብ» የሚል መስመር ተጨምሮበታል። የሥራ ዘመኔን ከሞላ ጎደል በአንድ የገንዘብ ተቋም የብድር ክፍል ውስጥ ያሳለፍሁ ጡረተኛ በመሆኔ፣ ሌላው መንገደኛ አልፎት የሚሄደው ይህ መስመር እኔን ቆሜ ሁለት ጊዜ እንዳነበው አድርጎኛል።

የብድር መዝገብ ምን እንደሚናገር በቅርብ አውቃለሁ ብዬ አምናለሁ። ብሔራዊ ባንክ በሚያስተዳድረው የብድር መረጃ ሥርዓት ውስጥ አንድ ተበዳሪ ከየትኛው ተቋም ስንት እንደወሰደ፣ በወቅቱ እየከፈለ ስለመሆኑ፣ ውዝፍ ካለበትም ለምን ያህል ጊዜ እንደቆየ ይታያል። ይህ ሁሉ የተሰናዳው አበዳሪ ለሚጠይቀው ለአንድ ጥያቄ ነው፤ «ለዚህ ሰው ገንዘብ ባበድረው በቀነ ገደቡ ይመልስልኛል ወይ?» የሚል ነው። ለዚህ ጥያቄ መዝገቡ ጥሩ መልስ ይሰጣል፤ እኔም ዓመታት ሙሉ ተጠቅሜበታለሁ። አሠሪው የሚጠይቀው ግን «ካዝናዬን ባስረክበው ይሰርቀኛል ወይ?» የሚለውን ነው። መክፈል አለመቻልና መስረቅ በአንድ ሰው ላይ ሊገጣጠሙ ይችሉ ይሆናል፤ አንዱ ለሌላው ምስክር የሚሆንበትን መንገድ ግን በሥራ ዘመኔ ሁሉ አላየሁም። በነበርሁበት ተቋም የካዝና ጉድለት ሲደርስ ሁለት ጊዜ አይቻለሁ፤ ሁለቱም ጉድለት የተገኘባቸው ሠራተኞች የአንድ ብር ውዝፍ ያልነበረባቸው ነበሩ። ሁለት ሰው ማስረጃ እንደማይሆን አውቃለሁ፤ ነገሩን መጠራጠር የጀመርሁት ግን ከዚያ ወዲህ ነው።

በእኛ ከተማ ደግሞ መዝገቡ የተጻፈበትን ዘመን ማሰብ ያስፈልጋል። በ2012 ዓ.ም. ኮሮና መጣና ጎብኚው ተቋረጠ። በ2013 ዓ.ም. የሰሜኑ ጦርነት ተጀመረ። ከዚያ ትንሽ ተንፈስ አልን ስንል በ2015 ዓ.ም. ክረምት በክልላችን የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ፤ የሞባይል ኢንተርኔትም ለወራት ጠፋ። በጣና ዳር ከጎብኚ የሚኖር ሰው ስንት እንደሆነ ለባሕር ዳር አንባቢ መንገር አይጠበቅብኝም፤ ባለ ጀልባው፣ አስጎብኚው፣ የሆቴል አስተናጋጁ፣ የዘጌን ቡናና የደንገል ታንኳ ቅርጽ የሚሸጠው ልጅ ሁሉም በአንድ ገመድ የተያያዙ ናቸው።

ጡረታ ከመውጣቴ በፊት ከያዝኋቸው የመጨረሻ ፋይሎች አንዱ የአንድ ባለ ጀልባ ነበር። ሰውየው ለጀልባው ሞተር ለመግዛት ተበድሮ፣ እንግዶችን ወደ ዘጌ ገዳማት ሲያመላልስ አንድም ወር ሳያሳልፍ ለሁለት ዓመት ያህል ከፈለ። እንግዳው ሲጠፋ ጀልባዋ በወደቡ ታስራ ቀረች። ከዚያ በኋላም ቢሆን ወር በገባ ቁጥር ቢሮዬ እየመጣ፣ አንዳንዴ 200 ብር፣ አንዳንዴ ምንም ሳይይዝ፣ «ዛሬም የለኝም፤ ብቻ ጠፋ እንዳትሉኝ ብዬ ነው» ይለኝ ነበር። በመዝገቡ ላይ የሰፈረው «ውዝፍ» የሚል ቃልና የቀናት ቁጥር ብቻ ነው፤ ወር እየቆጠረ በእግሩ መምጣቱ የሚጻፍበት ዓምድ የለም። ይህ ሰው ዛሬ ጀልባውን ሸጦ ለዚያ ድርጅት የንብረት ክፍል ቢያመለክት፣ መስፈርቱ ገና በሩ ላይ ይመልሰዋል። እኔን ብትጠይቁኝ ግን የመጋዘን ቁልፍ ከምሰጣቸው ሰዎች የመጀመሪያው እርሱ ነው።

ሌላው መነሣት ያለበት የቡድን ብድር ነው። በክልላችን ብዙ ሰው ከብድር ጋር የተዋወቀው መሬትም ቤትም ሳያስይዝ፣ ጎረቤት ለጎረቤት ዋስ እየሆነ በሚወስደው ብድር ነው። በ2009 ዓ.ም. 10 ቢሊዮን ብር የተመደበለት የወጣቶች ተዘዋዋሪ ፈንድ ሲመጣም ተመራቂዎች በማኅበር ተደራጅተው ወስደዋል። የጎረቤቴ ልጅ ከአራት ጓደኞቿ ጋር በከብት ማድለብ ተደራጅታ ነበር። ሁለቱ ከተማውን ለቀው ሄዱ፤ መኖም ተወደደ፤ ብድሩ በአምስቱም ስም ውዝፍ ሆኖ ቀረ። ልጅቱ የራሷን ድርሻ ከፍላ ጨርሳለች፤ የማኅበሩ ዕዳ ግን ስላልተዘጋ የሚጠየቀውን ወረቀት ልታገኝ አትችልም። ማስታወቂያውን ሳነብ ፊቴ ላይ የመጣችው እርሷ ናት። የሂሳብ ትምህርት አላት፤ በአንድ ሱፐርማርኬት ሦስት ዓመት ገንዘብ ተቀብላ አንድ ቀን እንኳ ጉድለት አልተገኘባትም፤ ሱፐርማርኬቱ ስለተዘጋ ነው ሥራ የምትፈልገው። «ጋሼ፣ ማመልከቻውን ላስገባ ወይስ ልተወው?» ብትለኝ ምን እንደምመልስላት ግራ ገባኝ።

መዝገቡ የማያየው ነገር ደግሞ ከሚያየው ይበልጣል። በአራጣ የተበደረ ሰው በየትኛውም የብድር መዝገብ ላይ የለም፤ አራጣ በሕግ የተከለከለ ስለሆነ አበዳሪውም ተበዳሪውም ይደብቁታል። እቁብ ወስዶ መጣል ያቃተውም በመዝገቡ ላይ የለም፤ ከባለ ሱቅ በዱቤ እየበላ ሰፈር የቀየረውም እንዲሁ። ካዝና ላይ ለተቀመጠ ሰው አስጨናቂው ዕዳ ማታ ማታ በር የሚያንኳኳው አራጣ አበዳሪ መሆኑን ብድር ክፍል የሠራ ሁሉ ያውቃል። እንዲህ ያለው ሰው ንጹሕ ማስረጃውን ይዞ ያልፋል፤ ከሕጋዊ ተቋም ተበድሮ የተቸገረው ይወድቃል። በአገራችን አባባል ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ ማለት ይኸው ነው።

ጉዳዩ ዛሬ መነሣቱም ያለ ምክንያት አይደለም። ቴሌብር ከዳሸን ባንክ ጋር በ2014 ዓ.ም. መጨረሻ ላይ «መላ» እና «እንደኪሴ» የተባሉትን አነስተኛ ብድሮች ከጀመረ ወዲህ፣ ባንክ ደጃፍ ረግጦ የማያውቅ ወጣት ሁሉ በስልኩ ተበዳሪ ሆኗል፤ የፋይዳ መታወቂያም ከባንክ ሒሳብ ጋር እየተያያዘ ነው። ቀድሞ ጥቂት ነጋዴዎችን ብቻ ይመለከት የነበረ መዝገብ በቅርቡ ሥራ ፈላጊውን በሙሉ ያካትታል። ለአበዳሪ ይህ መልካም ነው። ለስልክ ብድር የዘገየ ጥቂት መቶ ብር አንዲትን ልጅ ሥራ ሲያሳጣት ግን መልካምነቱ ያበቃል።

አሜሪካ ይህን መንገድ ከእኛ በፊት ስለሄደችበት እዚያ የሆነውን ማየት ይጠቅማል። እ.ኤ.አ. በ1970 የወጣው የፌዴራል ሕጋቸው አሠሪ የአመልካችን የብድር ዘገባ እንዲያይ ይፈቅዳል፤ ነገር ግን አስቀድሞ የአመልካቹን የጽሑፍ ፈቃድ መቀበል አለበት፤ በዘገባው ምክንያት ሊከለክለው ካሰበም ከመከልከሉ በፊት ቅጂውን ሊሰጠው ግድ ነው። ይህ ጥበቃ እያለም ቅሬታው አላባራም። እ.ኤ.አ. በ2007 የዋሽንግተን ግዛት (ዋና ከተማዋ ሳትሆን በምዕራብ ዳርቻ ያለችው) አሠራሩን ገደበች፤ ሃዋይ፣ ኦሪገን፣ ኢሊኖይ፣ ካሊፎርኒያና ሌሎችም ተከተሉ፤ የኒው ዮርክ ከተማም እ.ኤ.አ. በ2015 ከጥቂት የሥራ መደቦች በስተቀር ከለከለችው። ከሁሉ ይልቅ የገረመኝ እ.ኤ.አ. በ2010 በኦሪገን ሕግ አውጪዎች ፊት የተሰጠው ምስክርነት ነው። ከሦስቱ ታላላቅ የብድር መረጃ ድርጅቶች አንዱ የሆነው የትራንስዩኒየን ተወካይ፣ በብድር ዘገባና በሥራ ብቃት ወይም በማጭበርበር መካከል ግንኙነት መኖሩን የሚያሳይ ጥናት በእጃቸው እንደሌለ ተናግሯል። መረጃውን የሚሸጠው ራሱ ይህን ካለ ገዢው ምን ይዞ ይከራከራል? የአገሪቱ ፌዴራል የንግድ ኮሚሽን እ.ኤ.አ. በ2013 ይፋ ባደረገው ጥናትም ከአምስት ሰዎች አንዱ ቢያንስ በአንድ ዘገባው ላይ ስሕተት ተገኝቶበታል። እንዲህ ያለው ስሕተት በዚያ አገር ከተገኘ፣ ስም በአባትና በአያት ብቻ በሚለይበት፣ የአንዱ ፊደል በሌላው በሚተካበት በእኛ አገር «ኃይሉ» ሲበደር «ሀይሉ» እንዳይጠየቅ እሠጋለሁ።

የአሠሪዎችን ሥጋት አቃልዬ አላየውም። ሰው ማመን ቀብሮ ነው የሚለውን አባባል የፈጠሩት ንብረታቸውን የተዘረፉ ሰዎች መሆን አለባቸው። ነገር ግን አሠሪ እጁ ባዶ አይደለም። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 እስከ 60 የሥራ ቀናት የሙከራ ጊዜ ሰጥቶታል። ገንዘብ የሚቀበለውንና ሒሳብ የሚመዘግበውን ሰው መለየት፣ ካዝናን ባልተጠበቀ ቀን መቁጠር፣ የቀድሞ አሠሪን ደውሎ መጠየቅ ወረቀት ከመጠየቅ ይልቅ ብዙ ይናገራሉ። ጉድለት ቢደርስ የሚክስ የታማኝነት ዋስትና መድንም የኢንሹራንስ ኩባንያዎች ይሸጣሉ። ተያዡም አለ፤ ምንም እንኳ ተያዥ የሚባለው ነገር ደመወዝተኛ ዘመድ የሌለውን ልጅ ከሥራ የሚያስቀር በመሆኑ ራሱን የቻለ ደብዳቤ የሚገባው ቢሆንም። በፍትሐ ብሔር ሕጋችን መሠረት ዋስ የሚሆንበት ከፍተኛው የገንዘብ መጠን በውሉ ካልተጠቀሰ ዋስትናው እንደማይጸና ስንቱ ተያዥ ያውቅ ይሆን? ለማንኛውም ተያዥ የተቀበለ ድርጅት ኪሳራውን የሚከፍልለት ሰው ይዟል፤ የብድር ማስረጃው በዚያ ላይ ምን እንደሚጨምርለት አይታየኝም።

ለባንክ ዳይሬክተሮችና ለከፍተኛ የሥራ ኃላፊዎች ብሔራዊ ባንክ የብቃትና የተገቢነት መስፈርት ማውጣቱን አልቃወምም። የሕዝብ ተቀማጭ ገንዘብ ለሌላ በብድር እንዲሰጥ የሚወስን ሰው የራሱን ብድር እንዴት እንደያዘ መጠየቁ ከሥራው ጋር ይያያዛል። የሱቅ ገንዘብ ተቀባይ ግን ብድር አትሰጥም፤ ደረሰኝ ትቆርጣለች።

በሕግ በኩልም የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 አለ። አዋጁ ከቆመባቸው መርሆዎች አንዱ ለአንድ ዓላማ የተሰበሰበ የግል መረጃ ከዚያ ጋር ለማይጣጣም ሌላ ዓላማ እንዳይውል ነው። ለብድር ውሳኔ የተሰበሰበው መረጃ ለቅጥር ሲውል ይህ መርሕ የት ይገባል? «አመልካቹ ራሱ በፈቃዱ ያመጣል» የሚል መልስ እንደሚኖር እገምታለሁ። ሥራ የፈታ ሰው በማስታወቂያ ላይ «ካላቀረበ አይመዘገብም» ተብሎ የተጠየቀውን ወረቀት ሲያመጣ ፈቃድ ሰጠ ይባላል ማለት ይከብደኛል።

አንድ ነገር ደግሞ ከብድር ክፍል ወንበር ሆኜ ያየሁት አለ። ውዝፍ ያለበት ተበዳሪ ሥራ ማግኘቱን ሲነግረን እኛ ከእርሱ በላይ እንደሰት ነበር። ደመወዙ በወር በወሩ ስለሚቆረጥ ለዓመታት የቆመ ሒሳብ ተንቀሳቅሶ የተዘጋበትን ብዙ ፋይል አስታውሳለሁ፤ ማስጠንቀቂያ ደብዳቤም ሐራጅም ይህን ያህል ውጤት አላመጡልንም። አሠሪዎች ውዝፍ ያለበትን ሁሉ መመለስ ከጀመሩ ዕዳው የሚከፈልበትን ብቸኛ ምንጭ ይዘጋሉ፤ የሚጎዳውም ልጁ ብቻ ሳይሆን የቆጣቢው ገንዘብ ጭምር ነው።

ስለዚህ የከተማችን የሥራና ሥልጠና መምሪያ እንዲህ ያሉ ማስታወቂያዎችን ተመልክቶ አቋሙን በዚህ ጋዜጣ ቢያሳውቀን፣ ድርጅቱም ይህን አንድ መስመር ቢሰርዝ ብዬ እጠይቃለሁ። ልጅቱን ማመልከቻዋን እንድታስገባ፣ የከፈለችበትን ደረሰኝና ከቀድሞ አሠሪዋ የተሰጣትን የምስክር ወረቀትም እንድታያይዝ ነግሬአታለሁ። ዛሬ ጠዋት በዚያ ሳልፍ ማስታወቂያው እንደተለጠፈ ነበር፤ ምዝገባው የሚያበቃው የፊታችን ዓርብ ነው።

ከአክብሮት ጋር፣
ጡረታ የወጣ የብድር ሠራተኛ፣ ከባሕር ዳር