የጋራ የይለፍ ቃል ለምን እንደሚቀር፦ ለደንበኞቻችን የተላከ ደብዳቤ

ለተከበራችሁ የክሊኒክ ባለቤቶች፣ ሜዲካል ዳይሬክተሮችና የካርድ ክፍል ኃላፊዎች፤

ጤና ይስጥልን። በሚቀጥለው ወር የታካሚ መዝገብ ሲስተማችሁን ስናድስ አንድ የለመዳችሁት አሠራር ይቀራል። ካርድ ክፍሉ፣ ትሪያጁ (ታካሚዎች እንደ ሕመማቸው ክብደት የሚለዩበት ክፍል)፣ ላብራቶሪውና ፋርማሲው በአንድ ስምና በአንድ የይለፍ ቃል መግባት አይችሉም። እያንዳንዱ ሠራተኛ የራሱ መግቢያ ይኖረዋል፤ ለሥራው የሚያስፈልገውን ብቻ ያያል፤ የከፈተው ካርድም ከነሰዓቱ በስሙ ይመዘገባል። ለውጡ ሥራ ያበዛብናል ብላችሁ የደወላችሁልን አላችሁ። እኛም ምክንያቱን ሳናስረዳ ዝም ብለን መጫኑን አልወደድነውም።

ለተከላና ለጥገና ስንዞር ደጋግመን የምናየው ይህን ነው። የይለፍ ቃሉ በነጭ ፕላስተር ላይ ተጽፎ ስክሪኑ ጥግ ላይ ተለጥፏል። ጠዋት የገባችው የካርድ ክፍል ሠራተኛ የከፈተችውን እስከ ማታ ሁሉም ይጠቀምበታል። ማንም ክፉ አስቦ አይደለም፤ ወረፋው ረጅም ነው፣ ተረኛው አንድ ነው፣ መብራት ሄዶ በመጣ ቁጥር እንደገና መግባት ያሰለቻል። ነገር ግን አንዲት ታካሚ መጥታ «የእርግዝና ምርመራዬን ውጤት የባለቤቴ ዘመዶች ከየት ሰሙ?» ብትል ክሊኒኩ የሚመልሰው የለውም። መዝገቡ ካርዷን የከፈተው «ሪሴፕሽን 1» ነው ይላል። ሪሴፕሽን 1 ደግሞ የክሊኒኩ ሠራተኛ ሁሉ ነው። ጥፋተኛው ሳይታወቅ ይቀራል፤ ከዚያም የሚብሰው፣ ምንም ያላጠፋው ሠራተኛ ንጽሕናውን የሚያሳይበት መንገድ ማጣቱ ነው። «የግል መግቢያ የመጣው እኛን ለመሰለል ነው» የሚሉ ባለሙያዎች ገጥመውናል። ስጋታቸው ይገባናል፤ ሆኖም ሐሜት በተነሳ ቀን ነርሷንና የላብራቶሪ ባለሙያውን ነጻ የሚያወጣቸው ይኸው መዝገብ ነው።

ጉዳዩ ከሕግና ከስም መጠበቅ ያልፋል፤ ሕክምናው ራሱ የሚቆመው በዚህ ላይ ነው። ምስጢሩ እንደማይጠበቅለት የጠረጠረ ሰው ይደብቃል። የኤችአይቪ መድኃኒት የሚወስዱ ሰዎች ሰፈር ውስጥ የሚያውቀኝ አይጠፋም ብለው ሌላ ከተማ ድረስ ሄደው መድኃኒታቸውን እንደሚያመጡ ሁላችሁም ታውቃላችሁ። እንዲህ ያለ ታካሚ ሳል ይዞት እናንተ ዘንድ ቢመጣና ስለ መድኃኒቱ ባይናገር፣ የሳንባ ነቀርሳ ተገኝቶበት ሪፋምፒሲን ሊጀመርለት ይችላል። ሪፋምፒሲን ደግሞ ዶሉቴግራቪር የተባለው የኤችአይቪ መድኃኒት በሰውነት ውስጥ የሚኖረውን መጠን ያወርደዋል፤ ስለዚህ ነው ሁለቱ አብረው ሲሰጡ ዶሉቴግራቪር በቀን አንዴ መወሰዱ ቀርቶ 50 ሚሊግራም በቀን ሁለት ጊዜ የሚታዘዘው። ሐኪሙ ይህን የሚያስተካክለው ካወቀ ብቻ ነው። የወሊድ መቆጣጠሪያ እንክብል የምትወስድ ሴትም እንዲሁ ናት፤ ሪፋምፒሲን የእንክብሉን ኃይል ስለሚቀንሰው ካልተነገራት ሳታስበው ልታረግዝ ትችላለች። ታካሚው እውነቱን የሚናገረው የተናገረው ከዚያ ክፍል እንደማይወጣ ሲያምን ነው።

አሁን ወደ ሲስተሙ። ገንዘብ ተቀባይዋ የታካሚውን ስም፣ የካርድ ቁጥርና የሚከፈለውን ሂሳብ ታያለች፤ የሐኪሙን ማስታወሻ አታይም። ደረሰኝ ላይ የምርመራው ስም ቀርቶ «የላብራቶሪ አገልግሎት» ተብሎ እንዲታተም ማድረግ ትችላላችሁ፤ ኪስ ውስጥ የተረሳ ደረሰኝ ቤት ውስጥ ብዙ ያናግራልና ይህን እንድትመርጡ እንመክራለን። ዝርዝር የሚጠይቅ የጤና መድን ድርጅት ካለ ለእሱ ብቻ ለይቶ ማውጣት ይቻላል። ላብራቶሪው የታዘዘለትን ምርመራና ለዚያ የሚያስፈልገውን የሐኪም መረጃ ያገኛል። ፋርማሲው ማዘዣውን፣ አለርጂውንና ታካሚው የሚወስዳቸውን ሌሎች መድኃኒቶች ያያል፤ የመድኃኒት መጋጨትን የሚይዘው የመጨረሻው ሰው ፋርማሲስቱ ስለሆነ ይህን ልንከለክለው አይገባም።

ብዙ የተጠየቅነው «ድንገተኛ ቢመጣስ? ራሱን የሳተ ሰው ፊት ቆመን ፈቃድ ስንለምን ልንኖር ነው ወይ?» የሚለው ነው። አይደለም። ማንኛውም ሐኪም ወይም ነርስ «ድንገተኛ» የሚለውን ተጭኖ፣ ምክንያቱን በአንድ መስመር ጽፎ፣ ሙሉ ካርዱን ወዲያው ይከፍታል። ሲስተሙ አያስቆመውም፤ መከፈቱን ብቻ መዝግቦ ለሜዲካል ዳይሬክተሩ ያሳውቃል። በዚህ ላይ ብዙ ተከራክረናል፤ በመጨረሻ የተስማማነው በር ዘግቶ ሰው ከሚሞት በሩ ተከፍቶ ኋላ መጠያየቁ ይሻላል በሚለው ነው። ዳይሬክተሩ ግን ዝርዝሩን በየሳምንቱ ማየት አለባቸው። የማያዩት ከሆነ «ድንገተኛ» የሚለው ቁልፍ በሁለት ወር ውስጥ የሁሉም መደበኛ መግቢያ ይሆናል።

የወረፋውን ነገር በተመለከተ፣ ሠራተኛው ጠዋት አንዴ በሙሉ የይለፍ ቃሉ ከገባ በኋላ ቀኑን ሙሉ የሚቀያየረው በአጭር የቁጥር ኮድ ነው። ስክሪኑ ለጥቂት ደቂቃ ካልተነካ ይቆለፋል። ስክሪኑን ወደ ታካሚዎች መቀመጫ ያዞራችሁ ክሊኒኮች ዛሬውኑ ወደ ሌላ አቅጣጫ ብታዞሩት መልካም ነው፤ ታካሚ ስትጠሩም በወረፋ ቁጥር ይሁን።

ሲስተሙ የማይደርስበት አንድ ቦታ አለ፤ ቴሌግራም። ውጤት በስልክ ፎቶ ተነስቶ በሠራተኞች ግሩፕ ውስጥ «ዶክተር ይህን እዩልኝ» ተብሎ ይላካል። ሐሳቡ መልካም ነው፣ ታካሚውንም ሊረዳው ይችላል፤ ነገር ግን ፎቶው ሥራ የለቀቀው ባለሙያ ስልክ ውስጥ፣ ልጆች በሚጫወቱበት ታብሌት ውስጥ፣ ለጥገና በተሰጠ ቀፎ ውስጥ ይቀራል። እንደገና መሰብሰብ አይቻልም። የሐኪም ምክር ለመጠየቅ በሲስተሙ ውስጥ መልእክት መላኪያ ጨምረናል። እሱን ተጠቀሙ፤ የድሮውን ግሩፕ ደግሞ ከነፎቶው አጥፉት።

ትንሽ ክሊኒክን ማን ይፈልገዋል የምትሉም አትጠፉም። ፊንላንድ ውስጥ ቫስታሞ የሚባል የሥነ ልቦና ሕክምና ድርጅት ነበር። የታካሚዎቹ ዳታቤዝ በቂ የይለፍ ቃል ጥበቃ ሳይኖረው ከኢንተርኔት የሚደረስበት ሆኖ ቆየና ተሰረቀ። እ.ኤ.አ. በመስከረም 2020 መጨረሻ ሌባው ድርጅቱን ገንዘብ ጠየቀ፤ ሲከለከል በጥቅምት ወደ ታካሚዎቹ ዞረ። ለሐኪማቸው ብቻ የነገሩትን እንዳያወጣባቸው እያንዳንዳቸው 200 ዩሮ በቢትኮይን እንዲከፍሉ በኢሜይል አስፈራራቸው። መዝገባቸው የተወሰደባቸው ሰዎች 33 ሺህ ያህል ነበሩ። ድርጅቱ በ2021 ከሰረ። አጥፊው በ2024 ተፈርዶበት ስድስት ዓመት ከሦስት ወር ተቀጣ፤ የወጣውን ምስጢር ግን የትኛውም ፍርድ ቤት ሊመልሰው አይችልም። የባንክ ካርድ ቢሰረቅ በሌላ ይተካል፤ የሕመም ታሪክ ምትክ የለውም።

ሕጉም ከእናንተ የሚጠብቀው አለ። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 26 የግል ሕይወትን ያስከብራል፤ በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 399 የሙያ ምስጢር ማውጣትን ያስቀጣል። እነዚህ አዲስ አይደሉም። አዲሱ የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ነው። አዋጁ የጤና መረጃን ልዩ ጥንቃቄ ከሚያስፈልጋቸው የዳታ ዓይነቶች ይመድባል፤ ቁጥጥሩን ለኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ይሰጣል፤ ዳታ ሲያፈተልክም በ72 ሰዓት ውስጥ እንዲያውቀው ያዛል። በጋራ የይለፍ ቃል የሚሠራ ክሊኒክ ምን እንደወጣና በማን በኩል እንደወጣ በሦስት ቀን ውስጥ ሊያውቅ አይችልም። የታካሚው ዳታ ባለአደራ ክሊኒኩ ነው፤ እኛ በእናንተ ትእዛዝ የምንሠራ ነን። ስለዚህ የእኛም ቴክኒሻኖች ለጥገና ሲገቡ በስማቸው ይመዘገባሉ፤ ካልፈቀዳችሁ ከርቀት አይገቡም።

ለመመረቂያ ጽሑፍ ዳታ የሚጠይቁ ተማሪዎች ወደ እናንተ እንደሚመጡ እናውቃለን። በሥነ ምግባር ኮሚቴ የጸደቀ ጥናት ከሆነ ማገዝ ተገቢ ነው፤ ስም የሚለውን ዓምድ ብቻ ሰርዞ ኤክሴሉን መስጠት ግን አይበቃም። ላታንያ ስዊኒ የተባሉ አሜሪካዊት ተመራማሪ በ2000 እ.ኤ.አ. ባወጡት ጥናት፣ ከአገራቸው ሕዝብ 87 በመቶ ያህሉ በትውልድ ቀን፣ በጾታና በፖስታ ኮድ ብቻ ተለይቶ ሊታወቅ እንደሚችል አሳይተዋል። በአንድ ቀበሌ ውስጥ ዕድሜዋ፣ ሥራዋና የመጣችበት ቀን የተጻፈባትን ሴት ጎረቤቶቿ ለመለየት ብዙ አይቸገሩም። ሲስተሙ ለጥናት ሲያወጣ ትክክለኛ ዕድሜን በዕድሜ ክልል፣ ቀንን በወር ያደርጋል። በዲኤችአይኤስ 2 (የጤና ሪፖርት መላኪያ ሲስተም) ወደ ጤና ጽሕፈት ቤት የምትልኩት ወርሃዊ ሪፖርት ድምር ቁጥር ስለሆነ አሠራሩ አይለወጥም። የፋይዳ (የብሔራዊ መታወቂያ) ቁጥር የምትመዘግቡ ከሆነ ደግሞ የካርድ ቁጥር አታድርጉት፤ ካርዱ ሽፋን ላይም አይጻፍ።

ባክአፑ (የመዝገቡ መጠባበቂያ ቅጂ) ከአሁን በኋላ ተመስጥሮ ይቀመጣል፤ ፍላሹ ታክሲ ውስጥ ቢረሳ ያገኘው ሰው ሊያነበው አይችልም። መክፈቻውን ሁለት ኃላፊዎች በተለያየ ቦታ ያስቀምጡት፣ ምክንያቱም ከጠፋ እኛም ልንከፍተው አንችልም። ዊንዶውስ ማደስንም አትተዉ። በግንቦት 2017 እ.ኤ.አ. የእንግሊዝን ሆስፒታሎች ቀጠሮ ያሰረዘው ዋናክራይ የተባለ የኮምፒውተር ቫይረስ የገባበትን ቀዳዳ ማይክሮሶፍት በመጋቢት ወር ደፍኖት ነበር፤ የተጠቁት ዝማኔውን ያልጫኑት ናቸው።

ከእናንተ የምንፈልገው የሠራተኞቻችሁን ስም፣ የሥራ መደብና የሚሠሩበትን ፈረቃ የያዘ ዝርዝር ነው። ሥልጠናውን ታካሚ በማይበዛበት ሰዓት እያንዳንዳችሁ ዘንድ መጥተን እንሰጣለን፤ ለእሱም ሆነ ለለውጡ ተጨማሪ ክፍያ የለም። ሥራ የለቀቁትን በዝርዝሩ ላይ ለይታችሁ አመልክቱልን፤ መግቢያቸውን የምንዘጋው ዝርዝሩ በደረሰን ቀን ነው።

ከአክብሮት ጋር
የድጋፍና የመረጃ ደኅንነት ክፍል