የኦሞ ዴልታን ባህላዊ ቅርስ ለመሰነድና ለማክበር የቀረበ የድጋፍ ጥሪ

የተከበራችሁ የዳሰነች ተወላጆች፣ በኦሞራቴና በዙሪያዋ በመምህርነት፣ በጤና ሠራተኝነት፣ በጠረፍ ጥበቃም ሆነ በንግድ ሥራ የኖራችሁ ወገኖች፣ እንዲሁም የአገራችሁ ቅርስ የሚያሳስባችሁ በአገር ውስጥና በውጭ የምትኖሩ ኢትዮጵያውያን በሙሉ፤

ይህን ጥሪ የምናቀርብላችሁ የኦሞ ወንዝ ቱርካና ሐይቅ ሊገባ ሲል በብዙ ቅርንጫፍ ተከፋፍሎ በሚተኛበት በኦሞ ዴልታ ምድር ተወልደን ያደግን ሰዎችና ሥራችንን የደገፉ ወዳጆቻችን ነን። ድጋፋችሁን የምንጠይቀው የዴልታውን የዳሰነች ሕዝብ ዕውቀት፣ ዜማ፣ ታሪክና የእጅ ሥራ አዛውንቶቹ በሕይወት ሳሉ ለመቅረጽ፣ የተቀረጸውንም ውሃ በማይደርስበት ከፍታ ላይ በሚሠራ አንድ የባህል ቤት ለማኖር ነው።

ኦሞ ከአገራችን መካከለኛ ደጋ ተነሥቶ፣ ጊቤንና ጎጀብን የመሰሉ ወንዞችን አስከትሎ፣ ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ ተጉዞ ይወርዳል፤ ቱርካና ሐይቅ ከወንዞች ከሚያገኘው ውሃ 90 በመቶ ያህሉ የእሱ ነው። በ1890 ዓ.ም. የራስ ወልደ ጊዮርጊስ ጦር እስከ ሐይቁ ዳር ወርዶ የአገሪቱን ወሰን ባመለከተበት ጊዜ ዳሰነቾች በወንዙ ግራና ቀኝ ከብታቸውን እያረቡና እያረሱ ይኖሩ ነበር። በቀድሞው አስተዳደር ገለብና ሐመር ባኮ አውራጃ ይባል የነበረውን አገር የሚያስታውሱ አንባቢዎች አይጠፉም፤ ገለብ ሌሎች ለዳሰነች ሕዝብ ያወጡለት ስም ነበር። ዛሬ ቦታው በደቡብ ኢትዮጵያ ክልል፣ በደቡብ ኦሞ ዞን ውስጥ ያለው የዳሰነች ወረዳ ሲሆን፣ ከወንዙ ዳር ያለችው ኦሞራቴ ዋና ከተማው ናት።

የታችኛው ኦሞ ሸለቆ እ.ኤ.አ. በ1980 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ ላይ ሰፍሯል። ለዚህ ክብር ያበቃው ከአፈሩ የወጣው ቅሪተ አካልና የድንጋይ መሣሪያ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1967 በኪቢሽ አካባቢ የተገኘው የሰው ቅሪተ አካል እ.ኤ.አ. በ2022 በወጣው ጥናት ቢያንስ 230 ሺህ ዓመት ዕድሜ ተሰጥቶታል። በዚህ የማይኮራ ኢትዮጵያዊ የለም፤ እኛም እንኮራለን። ሆኖም ከመሬት በታች ያለው ይህን ያህል ተቆፍሮ፣ ተለክቶና ተመዝግቦ ሳለ፣ ከመሬት በላይ ያለው ሰው የሚያውቀው ነገር ግን ከአዛውንት ጋር አብሮ ወደ መቃብር እየወረደ ነው። የውጭ አገር አጥኚዎች ስለ ዳሰነች የጻፏቸው መልካም ሥራዎች አሉ፤ ጎብኚዎች ያነሷቸው ፎቶግራፎች ደግሞ ዓለምን ሞልተዋል። ፎቶው የተነሣባት እናት ግን የገዛ ምስሏ በእጇ የለም፤ የልጅ ልጇም በትምህርት ቤት ስለ ራሱ ሕዝብ የሚያነበው ወይም የሚያዳምጠው ነገር ማግኘት ይቸግረዋል።

ስለምን ዓይነት ዕውቀት እንደምንናገር በአንድ ነገር እናሳይ። የዴልታው እርሻ ዝናብ የሚጠብቅ እርሻ አይደለም። እዚያ የሚጥለው ዝናብ ጥቂት ነውና ሰውን የሚያበላው በደጋው ክረምት የሚሞላው ወንዝ ነው። ኦሞ በነሐሴና በመስከረም ሞልቶ ከዳርቻው ይወጣል፣ ደለሉን ያነጥፋል፣ ከዚያም ቀስ እያለ ይሸሻል፤ ገበሬውም የሚሸሸውን ውሃ እግር በእግር እየተከተለ በሹል እንጨት መሬቱን እየወጋ ማሽላ ይዘራል። አንድ አረጋዊ አዲስ የተለቀቀውን መሬት ሲመረምር አጠገቡ የቆመ ሰው ሥራው ምን ያህል ረቂቅ እንደሆነ ይረዳል። ሽማግሌው በባዶ እግሩ ጭቃውን ይረግጥና ተረከዙ ምን ያህል እንደሰመጠ ያያል፤ እንጨቱን ወግቶ ያወጣና ጫፉ ላይ የቀረውን አፈር በጣቶቹ መካከል ያሻል፤ የሚፈረፈር ከሆነ ዘሩ ሳይውል ሳያድር እንዲገባ፣ የሚያጣብቅ ከሆነ ጥቂት ቀን እንዲቆይ ያዛል። የትኛው የማሽላ ዘር ፈጥኖ እንደሚደርስ፣ የትኛው ውሃ ተመልሶ ቢያገኘው እንደሚቋቋም፣ ወፍ የትኛውን እንደማይደፍረው እናቶች ለይተው ያውቃሉ፤ ለየዘሩም ስም አለው። እሸቱ ሲያፈራ ልጆች ማማ ላይ ወጥተው በወንጭፍ ወፍ ሲያባርሩ የሚያዜሙት ዜማ ራሱን የቻለ ሀብት ነው። ወንዙ እንደ ልማዱ ካልሞላ ማሳው የለም፤ ማሳው ከሌለ ማማው የለም፤ ማማው በሌለበት ዘፈኑን የሚማር ልጅ ከየት ይመጣል?

ከእርሻው ቀጥሎ ከብቱ ይነሣል። በዳሰነች ባህል አንድ ወንድ ከሚወደው በሬ የተነሣ የሚጠራበት ስም ያወጣል፤ በሬውን በቀለሙና በቀንዱ አጣመም እያወደሰ ይዘፍንለታል። የእነዚህ ዘፈኖች ግጥም ስለ አንድ እንስሳ የተባለ ቢመስልም ውስጡ የግጦሽ መሬት ስም፣ የድርቅ ዘመን፣ ከጎረቤት ሕዝቦች ከኛንጋቶም፣ ከሐመር፣ ከቱርካናና ከጋብራ ጋር የተደረገ ጦርነትና የወረደ ዕርቅ ይገኝበታል፤ በጽሑፍ ለማይኖር ሕዝብ ይህ የታሪክ መዝገቡ ነው። ከዘመድ ውጭ ከብት እየተሰጣጡ የሚመሠረተው የወዳጅነት ቃል ኪዳንም አለ፤ ከብቱ ያለቀበት ሰው ወደ ወዳጁ ሄዶ እንደገና የሚቋቋመው በዚህ ነው። ስምንቱ የዳሰነች ጎሳዎች ከተለያየ ቦታ መጥተው እንዴት አንድ ሕዝብ እንደሆኑ የሚነገረውንም ታሪክ ከየጎሳው ሽማግሌ አንደበት በየራሱ መስማት ያስፈልጋል፤ አንዱን ብቻ ሰምቶ መጻፍ ሌላውን ማጥፋት ይሆናል።

የሴቶቹ ሙያ በተለይ እንዳይዘነጋ እንፈልጋለን፤ እስካሁን አዘውትሮ የተዘነጋው እሱ ነውና። የዳሰነችን ቤት የምትሠራው ሴት ናት። ቀጫጭን እንጨቶቹን አጉብጣ ትተክላለች፣ በልጥ ታስራለች፣ በቆዳና በሰሌን ታለብሳለች፤ መንደሩ ሲነሣም ፈትታ፣ ጠቅልላ፣ አዲሱ ሰፈር ላይ መልሳ ታቆመዋለች። ዛሬ ብዙ ቤት ላይ ቆዳው በቆርቆሮ ቁራጭ ተተክቷል። ይህ የኑሮ ግዴታ ነውና አንነቅፈውም፤ ነገር ግን የቀደመውን አሠራር የሚያውቁት እጆች እያረጁ ስለሆነ አንዲት እናት ከመጀመሪያው እንጨት እስከ መጨረሻው ሰሌን ቤት ስትሠራ በቪዲዮ ለመቅረጽ አስበናል። የቅል አዘገጃጀትና አነቃቀስ፣ ከቡና ገለባ የሚዘጋጀው የሸፎሮ አፈላልና አቀራረብ፣ ለመቀመጫም ለትራስም የምታገለግለው ትንሽ የእንጨት በርጩማ፣ ከግንድ ተፈልፍሎ የሚሠራው ጀልባም በዚሁ ቀረጻ ይካተታሉ።

ይህ ሁሉ ለምን አሁን ቸኮለ ብትሉ ምክንያቱ ውሃው ነው። በነሐሴ 1998 ዓ.ም. ኦሞ ከልኩ አልፎ ሞልቶ በዴልታው ቢያንስ 364 ሰዎችንና በሺዎች የሚቆጠሩ ከብቶችን ወስዷል፤ ከእነዚያ ጋር የሄደውን ዕውቀት የሚቆጥረው የለም። በኦሞ ላይ ተሠርቶ ለአገር መብራት የሚያመነጨው የጊቤ 3 ግድብ በ2007 ዓ.ም. ውሃ መያዝ ከጀመረ ወዲህ ደግሞ ዓመታዊው ሙላት የቀድሞ ጊዜውንና መጠኑን ለቅቋል፤ በሸሸ ውሃ ላይ ማረስ የለመደው ገበሬ ለዓመታት ወንዙን ቆሞ ጠበቀ። ከዚያ ወዲህ ባሉት ዓመታት የቱርካና ሐይቅ እየጨመረ ወደ ሰሜን ገፋ፣ የኦሞም ሙላት ተደረበበት፤ በ2016 ዓ.ም. በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ የወረዳው ነዋሪዎች መንደራቸውን ለውሃ ለቀው ወጥተዋል። የተፈናቀለ ሰው እህልና መጠለያ እንደሚያስፈልገው እናውቃለን፤ ለዚያ የሚደረገውን ርብርብ የሚሻማ ነገር አንጠይቅም። ነገር ግን አብረው ይኖሩ የነበሩ ጎረቤታሞች በየመጠለያው ሲበተኑ፣ ተሰብስበው የሚያወጉበት የጥላ ዛፍ ውሃ ውስጥ ሲቀር፣ አባት ለልጁ የሚያስረክበው ነገር መንገዱ ይቋረጣል።

ከዚህ ያለፈ ምን ሊደርስ እንደሚችል ለማወቅ ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። በዚያው ሐይቅ ደቡብ ምሥራቅ ዳርቻ፣ በኬንያ ምድር፣ ኤልሞሎ የሚባሉ ዓሣ አጥማጆች አሉ። ቋንቋቸው ለዳሰነችኛና ለአርቦርኛ የቅርብ ዘመድ ነበር። ዛሬ የኤልሞሎ ልጆች አፋቸውን የሚፈቱት በሳምቡሩ ቋንቋ ነው፤ ከአባቶቻቸው ቋንቋ የተረፈው በጥቂት ሰዎች ትውስታና በአጥኚዎች ማስታወሻ የተያዘው ቃል ብቻ ነው። ዳሰነችኛ ዛሬም በየቤቱ የሚነገር ሕያው ቋንቋ ነው፤ ሳይቃጠል በቅጠል የምንለውም ለዚህ ነው።

ሥራው የሚጀምረው በመቅረጽ ነው። ማንበብና መጻፍ የሚችሉ የአካባቢው ወጣቶች፣ ሴቶችም ወንዶችም፣ በድምፅና በምስል አቀራረጽ ሠልጥነው በየመንደሩና በየመጠለያው እየሄዱ አዛውንቶችን በራሳቸው ቋንቋ ያነጋግራሉ። ቀራጩ ከዚያው መንደር የወጣ ልጅ እንዲሆን አጥብቀን የምንፈልገው፣ ሽማግሌ ለማያውቀው ሰው የሚነግረውና ለልጅ ልጁ የሚነግረው ልዩነት ስላለው ነው። የሚቀረጸው ሁሉ በባለቤቱ ፈቃድ ይሆናል፤ ለሁሉ ጆሮ የማይሰጥ የሥርዓት ቃል ካለ ተለይቶ ይቀመጣል። ከዚያ በኋላ ወደ ጽሑፍ ይገለበጣል፣ ወደ አማርኛም ይተረጎማል፤ አንዱ ቅጂ በኦሞራቴ ይቀመጣል፣ ሌሎቹን ደግሞ በጂንካ ለሚገኘው የደቡብ ኦሞ የምርምር ማዕከልና ሙዚየም፣ በአዲስ አበባም ለኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም በአደራ እንዲይዙልን ለማቅረብ እንፈልጋለን። አንድ ቦታ ብቻ የተቀመጠ ነገር በዴልታ ምድር ዋስትና የለውም።

የባህል ቤቱ ትልቅ ሕንፃ አይደለም። ከፍ ባለ መሬት ላይ የሚሠሩ ማዳመጫ ክፍል፣ የዕቃ ማስቀመጫና ሽማግሌዎች የሚሰበሰቡበት ሰፊ ዳስ ይኖሩታል። መብራቱ ከሶላር እንዲሆን አስበናል። የተማሪዎች የጉብኝት ቀን በየሳምንቱ ይኖረዋል።

ስለ በዓል አከባበሩ ግልጽ አቋም አለን። ኅዳር 29 በብሔር ብሔረሰቦችና ሕዝቦች ቀን፣ ጥር 17 ደግሞ በአርብቶ አደሮች ቀን የዳሰነች ጨዋታ በመድረክ ላይ ለጥቂት ደቂቃ ይታያል፤ ይህም መልካም ነው። ጨዋታው ግን ለእንግዳ ከመታየቱ በፊት በአገሩ፣ በባለቤቶቹ መካከል መኖር አለበት። ሴት ልጁ ለአቅመ ሔዋን የተቃረበችለት አባት የሚደግሰው የዲሚ ሥርዓት፣ አባቶች የነብር ቆዳ ደርበው የሰጎን ላባ ሰክተው የሚጨፍሩበት፣ አባትየውም ከትልልቅ ሽማግሌዎች ተርታ የሚገባበት ታላቅ በዓል ነው፤ ከብት በድርቅና በጎርፍ ሲያልቅ እሱም ይዘገያል። ስለዚህ ከመከር በኋላ በየዓመቱ ጎሳዎቹ የሚገናኙበት፣ ዘፈኑ የሚዘፈንበትና ዘሩ የሚለዋወጥበት ቀን ለማዘጋጀት አቅደናል። በዚሁ አጋጣሚ አንድ ነገር እናንሣ፦ ቅርስን መጠበቅ ማለት የልጃገረዶችን ጤና የሚጎዳ ልማድ ይቀጥል ማለት አይደለም። የአካባቢው እናቶችና ወጣቶች ራሳቸው የሚነጋገሩበት ጉዳይ ነው፤ ንግግራቸውም የታሪኩ አካል ሆኖ ይቀረጻል።

ከእናንተ የምንፈልገው በመጀመሪያ ገንዘብ ነው፤ የድምፅና የምስል መቅረጫ፣ ሃርድ ዲስክ፣ የሶላር ፓነልና ባትሪ መግዣ፣ የሠልጣኞች አበልና የጀልባ ኪራይ፣ የባህል ቤቱም ሲሚንቶ፣ እንጨትና ቆርቆሮ በዚሁ ይሸፈናል። ትንሽ ነው ብላችሁ የምታፍሩበት መዋጮ የለም፤ አንድ ሜሞሪ ካርድ የአንድን አዛውንት የብዙ ቀን ወግ ይይዛል። ሒሳቡ በአንድ ሰው ፊርማ ብቻ እንዳይንቀሳቀስ ተደርጓል። ገቢና ወጪው በየሦስት ወሩ በአማርኛ በጽሑፍ፣ ለመንደሮቹም በዳሰነችኛ በቃል ይቀርባል። በውጭ አገር ያላችሁ ወገኖች ያገለገለ ነገር ግን ደህና የሆነ ላፕቶፕ ወይም ካሜራ ካላችሁ ወደ አገር ቤት በሚመጣ ሰው ብትልኩልን እንቀበላለን።

በዓመታት ውስጥ በአካባቢው ያገለገላችሁ ደግሞ ከገንዘብ የሚበልጥ ነገር በእጃችሁ ሊኖር ይችላል። በሣጥን ውስጥ የቀረ የድሮ ፎቶግራፍ፣ በካሴት የተቀዳ ዘፈን፣ የተማሪዎች ስም ያለበት ደብተር፣ የመንደር ስሞችን የጻፋችሁበት ማስታወሻ ካለ ዋናውን አንጠይቃችሁም፤ ቅጂውን ስጡን፤ መቼና የት እንደተነሣ የምታስታውሱትንም ጻፉልን። ዛሬ ውሃ የሸፈናቸው መንደሮች የት የት እንደነበሩ ለማወቅ እንዲህ ያለው ቁራጭ መረጃ ብዙ ይረዳናል። ዳሰነችኛና አማርኛ አጣርታችሁ የምታውቁ ካላችሁ ባላችሁበት ሆናችሁ በትርጉም ልታግዙን ትችላላችሁ።

የመቅረጽ ሥራው ውሃው ሸሽቶ መንገዱ ሲደርቅ፣ ከጥቅምት አጋማሽ ጀምሮ ይካሄዳል። የመጀመሪያዎቹ ሠልጣኞች ከዚያ በፊት መሣሪያ ይዘው መለማመድ ስላለባቸው፣ ለመሣሪያ ግዥ የሚውለው መዋጮ እስከ ነሐሴ መጨረሻ ቢደርሰን በሚቀጥለው የዘር ወቅት የመጀመሪያውን ቀረጻ መጀመር እንችላለን።