የቀለም ቀንዱን ነገር ልንገርህ

ወንድሜ፣ እንዴት ከርመሃል? ጤናህ፣ ቤትህ፣ ልጆችህ እንዴት ናቸው?

ዝምታው ረዘመ። አንተም በሥራ፣ እኔም በኑሮ ተወጠርን፣ መሃል ላይ ኢንተርኔቱም ጠፋ፣ እንዲህ እንዲህ እያለ ዓመቱ ነጎደ። ማን ጠፋ፣ ማን ቀድሞ መደወል ነበረበት የሚለውን እንተወው። እናትህን ቅዳሜ ገበያ አግኝቻቸው ነበር። ደህና ናቸው፣ እግራቸውም ተሽሏቸዋል። «ከዚያ ልጅ ጋር ትገናኛላችሁ?» ሲሉኝ «እጽፍለታለሁ» አልኳቸው። ይኸው።

የምጽፍልህ ግን ስለ ደመና ምድር ነው። መቼም አልረሳኸውም። ጃንተከል ዋርካ ስር ተቀምጠን የፈጠርነው አገር፣ ወንዙ ሽቅብ የሚፈስበት፣ ከተማው ሰባት በር ያለው። ደብተሮቹ እኔ ጋ ናቸው፣ ካርታዎቹ ደግሞ አንተ ጋ። እኔ እስከ ዛሬ እጽፈዋለሁ። እውነቴን ነው፣ ማታ ማታ ሁሉም ሲተኛ እሱን ነው የምሠራው። የቀለም ቀንዱ፣ ያ ተአምረኛ የቀለም መያዣችን ላይ ስደርስ ግን ሁልጊዜ ታሪኩ ይቆምብኛል።

ያኔ ቀንዱን ስናበጀው ሕጉ ቀላል ነበር። ቀለሙ አያልቅም፣ በእሱ የተጻፈ ሁሉ ይሆናል። «ዝናብ» ብሎ የጻፈ ይዘንብለታል፣ «ጠላቴ ይውደቅ» ያለ ጠላቱ ይወድቅለታል። በዚያ ዕድሜያችን ከዚህ የሚበልጥ ነገር አልነበረም። አሁን ሳስበው ግን ቀንዱን የያዘው ሰው ሁሉን ካገኘ፣ ከዚያ ወዲያ ምን ይተረካል? ተረት ውስጥ ያለ ዕቃ የሚሰጠውን ያህል ካልወሰደ ጉልበት የለውም ብዬ አምናለሁ። ስለዚህ ሕጉን ልለውጠው ነው። ያላንተ ግን አልለውጠውም፣ ቀንዱ የሁለታችን ነው።

ሐሳቡ የመጣልኝ ወደ ቁስቋም በሚወስደው መንገድ ከሚኖሩ አንድ ቁም ጸሐፊ ቤት ነው። ሽማግሌ ናቸው፣ ዛሬም ብራና ላይ ይጽፋሉ። እሳቸው ዘንድ ሄጄ መቀመጥ ልማድ ሆኖብኛል። ጥቁሩን ቀለም ከጥላሸትና ካረረ እህል ያዘጋጁታል፣ ለወራት እየተማሰለ ይቆያል። ከዚያ ከብት ቀንድ ውስጥ ይጨምሩትና ቀንዱን መሬት ላይ ይተክሉታል። ብዕሩ መቃ ነው። የእግዚአብሔር፣ የእመቤታችንና የቅዱሳን ስም ላይ ሲደርሱ ጥቁሩን ትተው ቀዩን ያነሳሉ። ሲሳሳቱ ደግሞ በስለት ፋቅ ፋቅ አድርገው ፊደሉን ያነሱታል፤ ብራናው ትንሽ ይሳሳል እንጂ ደጋግሞ ይችላል።

ከሁሉ ያስደነቀኝ የክታቡ ነገር ነው። ድሮ ክታብ ሲጻፍ ብራናው በባለቤቱ ቁመት ልክ ይሆን ነበር፣ ከራሱ እስከ እግሩ እንዲጠብቀው። የሰሎሞን ማኅተም ይሳልበታል፣ አጋንንትን እንደ ዓሣ የሚያጠምደው መርበብተ ሰሎሞን ይጻፍበታል፣ መሃል መሃል ላይ የባለቤቱ ክርስትና ስም ይገባል። ክታቡ ወደ ሌላ ሰው ሲተላለፍ ደግሞ የመጀመሪያው ስም ተፍቆ የአዲሱ ይጻፋል። እስቲ አስበው! ጸሎቱ ያው ነው፣ ሥዕሉ ያው ነው፣ የሚለወጠው ስሙ ብቻ ነው። ያን ቀን ቤቴ እስክደርስ ሌላ ነገር አላሰብኩም።

አዲሱ ሕግ ይኸውልህ። በደመና ምድር በቀንዱ ቀለም ስምህ ብራና ላይ ከተጻፈ ወረርሽኝ አይነካህም፣ ጦር አይወጋህም፣ ስሙ እስካለ ድረስ ትኖራለህ። የጻፈልህ ሰው ግን ያጣሃል። ስምህ፣ መልክህ፣ ድምፅህ ከልቡ ይወጣል። መንገድ ላይ ብታገኘው እንደማንኛውም አላፊ አግዳሚ ያልፍሃል። ስሙ ከተፋቀ ትዝታው ለጸሐፊው ይመለስለታል፣ ጥበቃው ግን ያን ጊዜውኑ ያበቃል። ሌላ ምንም የለም። ዝናብ አያዘንብም፣ ጠላት አይገድልም።

ከዚህ ሕግ ታሪኩ በራሱ ይፈስሳል። በሽታ ሲገባ እናት የልጇን ስም ትጽፋለች፣ ልጁ ይድናል፣ በነጋታው «የማን ልጅ ነህ አንተ?» ትለዋለች። ልጁ ያድጋል፣ እሷ ደጅ ላይ እየቆመ፣ እንጨት እየፈለጠላት፣ ውሃ እየቀዳላት፣ እሷም «ምን ያለ ደግ የሰው ልጅ ነው» እያለች ትመርቀዋለች። ይህን ምዕራፍ ስጽፈው አልቅሻለሁ። ሌላም አለ። ከተማው ሲከበብ የሰዉን ሁሉ ስም የጻፈ አንድ ጸሐፊ አለ። ሁሉም ያውቀዋል፣ ሁሉም ቤቱ ጠርቶ ያበላዋል፣ እሱ ግን አንድም የሚያውቀው ሰው የለም። ዋናው ሰውዬ እሱ እንዲሆን እፈልጋለሁ። ንጉሡን ተወው፣ ንጉሥ በዛብን።

ከዚያ ደግሞ ብራናዎቹ ይዘረፋሉ። ይሄ ከየት እንደመጣ አንተ ታውቃለህ። ቴዎድሮስ ከጎንደር አድባራት ያሰባሰቡት መጽሐፍ መቅደላ ላይ ነበር፣ በ1860 ዓ.ም. የእንግሊዝ ጦር በዝሆንና በበቅሎ ጭኖ ወሰደው፣ ከፊሉ ዛሬም ለንደን ነው ያለው። በኛም ታሪክ ከባሕር ማዶ የመጡ ሰዎች ብራናዎቹን ጭነው ይሄዳሉ። ቀንዱን ግን አይነኩትም፣ ተራ የከብት ቀንድ ነው የሚመስላቸው። ስሙ ስላልተፋቀ የተጻፈለት ሁሉ በሕይወት አለ። ግን አሁን ያቺ እናት አርጅታ ልትሞት ስትል፣ ልጁ «ስሜ ይፋቅ፣ አንድ ቀን ትወቀኝ፣ ከዚያ የመጣው ይምጣ» ቢል የሚፋቀው ብራና የለም። ስለዚህ ጸሐፊውና ልጁ ባሕር ሊሻገሩ ይነሳሉ። ጉዞው ይሄ ነው። ቀንድ ፍለጋ የሚሄድ ሰው የለም፣ ብራና ፍለጋ ነው።

አንድ ነገር ብቻ አልቆረጥኩም። ሰው የራሱን ስም ቢጽፍስ? እኔ አይሞትም፣ ማን እንደሆነም አያውቅም እላለሁ፣ ያን ሰው ባሕሩ ዳር ጀልባ ቀዛፊ ላደርገው አስቤያለሁ። አንተ ግን ሁሌ ከኔ የተሻለ ሐሳብ ታመጣ ነበርና ጠብቄሃለሁ።

ጊዜ ስታገኝ ካርታዎቹን ፎቶ አንሥተህ በቴሌግራም ላክልኝ፣ በተለይ የደቡቡን ባሕር። ብራናዎቹን ያቺ በእርሳስ የሳልካት ደሴት ላይ ነው ያስቀመጥኳቸው። ወደብ ሠርተህላት ነበር ወይስ ዙሪያዋን ገደል ነው? እሱን ሳላውቅ ጀልባዋን ማስነሳት አልቻልኩም።

ወንድምህ
ከጎንደር