ስለ ፎቶዎቻችን ዋጋና ስለ ቀይ ቀበሮዎቹ ድርሻ ለደንበኞቻችን የተላከ ደብዳቤ

ኅዳር 2018 ዓ.ም.

የተከበራችሁ ደንበኞቻችን፣

ሰሞኑን ሱቃችን መጥታችሁ ፊታችሁን አጥቁራችሁ የወጣችሁ አላችሁ። ደውላችሁ የተቆጣችሁም አላችሁ። አንዲት የቆየች ደንበኛችን ደግሞ የገዛችውን ፎቶ ባንኮኒው ላይ መልሳ አስቀምጣ፣ "በእንስሳ ስም መነገድ ጀመራችሁ ማለት ነው?" ብላኝ ሄደች። ያን ቀን ምሳ አልበላሁም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ለዓመታት ከምትገዙት ፎቶ ዋጋ ግማሹ ባሌ ውስጥ ለቀይ ቀበሮ ጥበቃ ይሄዳል ስንላችሁ ኖረናል። ሄዷልም። ከመስከረም ጀምሮ ግን የትልቁን ፎቶ ዋጋ ከ900 ወደ 2,000 ብር አሳደግን። የቀበሮዎቹ ድርሻም ግማሽ መሆኑ ቀርቶ በፎቶ 450 ብር ሆነ። ይህን የነገርናችሁ ደረሰኙ ጀርባ ላይ፣ በትንንሽ ፊደል ነው። ከፍላችሁ ቤት ከገባችሁ በኋላ ነው ያነበባችሁት። ጥፋቱ የኛ ነው፤ ይቅርታ።

ውሳኔው ራሱ ግን ጥፋት አይመስለኝም። ሒሳቡን አብራችሁኝ እዩ። በፊት ለአንድ ትልቅ ፎቶ ወረቀት፣ ቀለምና ፍሬም 300 ብር ያህል ይበቃው ነበር። 450 ለቀበሮዎቹ፣ 150 ለቤቱ። በዚያች 150 ኪራይም፣ ደመወዝም፣ መብራትም ይከፈላል። ሐምሌ 2016 ዓ.ም. ምንዛሪው ለገበያ ሲለቀቅ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር ሳምንታት ሳይቆይ ከ100 አለፈ። የፎቶ ወረቀትና ቀለም ደግሞ አገር ውስጥ አይበቅልም። ዛሬ ያው ፎቶ 1,150 ብር ይፈጃል። ከ2,000 ብር ግማሹን ብሰጥ የሚቀረኝ 1,000 ነው። ድሮ የምትተርፈን 150 ብር አሁን ከኪሴ ትወጣለች። ብዙ በሸጥኩ ቁጥር ብዙ እከስራለሁ ማለት ነው።

"ታዲያ ለምን 3,000 አታደርገውም?" ያላችሁኝ አላችሁ። ሒሳቡ ይሠራል፤ ገዢው ግን ማን ነው? በየዓመቱ መስከረም ላይ አንድ ፎቶ የሚወስድ አስተማሪ ደንበኛ አለኝ። ሳሎኑ ውስጥ ዘጠኝ ሰቅሏል። ዘንድሮ በ2,000ውም ገዛ፣ ግን ሁለቴ ዞሮ ሄዶ ተመልሶ ነው። ለሱ 3,000 ብር ነው ብዬ አፌን አልከፍትም። ውጭ አገር ያላችሁ፣ ፎቶውን ተጠቅልሎ በዘመድ ሻንጣ የምታስወስዱ፣ ለናንተ ብዙ ላይሆን ይችላል። ሱቁ ግን የቆመው እዚሁ ባለው ሰው ነው።

አንድ ወጣት ደግሞ "450 ብር እኮ የድሮው 450 ብር አይደለም" አለኝ። እውነቱን ነው። መልስ አጣሁለት። ቁጥሩን አልቀነስንም ብዬ ልከራከር እችል ነበር፣ ግን ብሩ የሚሄድበት ክትባትም እንደ ወረቀቱ ከውጭ እንደሚመጣ እኔም አውቃለሁ።

በእንስሳ ስም ነገደ መባሉ ግን አንጀቴን በላው። እኔ ከጉርድ ፎቶ የተነሣሁ ሰው ነኝ። 2000 ዓ.ም. ላይ የሰርግ ሥራ ጎባ ወሰደኝና ሥራው ሲያልቅ እግረ መንገዴን ባሌ ተራሮች ላይ ያለው ሰነቲ አምባ ወጣሁ። አምባው 4,000 ሜትር ገደማ ከፍታ አለው። ባትሪው በብርዱ ስለሞተብኝ ብብቴ ውስጥ አሙቄ መለስኩት። ጅብራ ከሚባሉት ረጃጅም ተክሎች መሃል አንድ ቀይ ቀበሮ ደረቱን መሬት አስነክቶ፣ ሁለት ጆሮውን ወደ አንድ ጉድጓድ አዙሮ ቆሟል። ፍልፈሉ ግማሽ ሰውነቱን ብቅ ያደርጋል፣ ሣሩን ነክሶ ወደ ኋላው ይገባል። ግማሽ ሰዓት እንዲህ ሆነ። ቀበሮው ዘለለ፣ ሳተው፣ አፈሩን ከአፍንጫው አራግፎ ወደ ሌላ ጉድጓድ ሄደ። የመጀመሪያዋ የሸጥናት ፎቶ ያቺ አፍንጫው ላይ አፈር ያለባት ናት።

2002 ዓ.ም. ስመለስ በመጀመሪያው ጉዞዬ መንገድ ያሳየኝ ያው መሪ ወደዚያው ቦታ ወሰደኝ። ጉድጓዶቹ ነበሩ፣ ፍልፈሎቹም ነበሩ፣ የቀበሮው ቤተሰብ ግን የለም። የዚያን ሰሞን የእብድ ውሻ በሽታ ባሌን መትቶ ነበር። በሽታው የሚመጣው ከብት ከሚከተለው ከሰው ውሻ ነው። ቀበሮዎቹ በቤተሰብ ይኖራሉ፣ ጠዋት ሲገናኙ አፍ ለአፍ ይሳሳማሉ፤ አንዱን ከያዘው ሌላውን አይምርም። በዓለም ላይ የቀሩት አዋቂ ቀይ ቀበሮዎች ከ500 አይበልጡም፣ ከግማሽ በላዩ ደግሞ ባሌ ነው ያለው። ብሩ በዋናነት የሚሄደውም ለመንደር ውሾች ክትባት ነው። ለራሳቸው ለቀበሮዎቹ ደግሞ ክትባቱ በፍየል ሥጋ ተሸፍኖ ሌሊት ይጣልላቸዋል። የሰጠንበት ደረሰኝ ሁሉ ባንኮኒው ላይ ባለው ሰማያዊ ፋይል ውስጥ አለ። አገላብጡት፤ እስካሁን የጠየቀኝ ሰው ከሦስት አይበልጥም።

የአንበሳ ፎቶ ብሸጥ ይሻለኝ ነበር፣ ይህን አልደብቃችሁም። ሰው ገብቶ መጀመሪያ የሚጠይቀው አንበሳ ነው። ሱቁ ከተዘጋ ግን ግማሹም የለም፣ 450ውም የለም። እንድትረዱልኝ የምለምነው ይህንኑ ነው።

ከመስከረም 1 ጀምሮ እስከዚህ ደብዳቤ ድረስ የገዛችሁ ሁሉ ግማሹ ለቀበሮዎቹ ይሄዳል ብላችሁ ነው የከፈላችሁት። ስለዚህ ለያንዳንዱ ፎቶ የጎደለውን 550 ብር ቤቱ ይሞላል፣ ደረሰኙም ፋይሉ ውስጥ ይገባል። ገንዘባችሁን መልሳችሁ የምትፈልጉም ፎቶውን ይዛችሁ ኑ፣ ምንም ጥያቄ አላነሣም። ባንኮኒው ላይ ትታው የሄደችው እህታችንም ፎቶዋ በስሟ ተቀምጧል።

የ2019 ካላንደር እንደ ወትሮው ነሐሴ ላይ ይወጣል። ዋጋውን ይህን ጊዜ አስቀድመን በር ላይ በትልቁ ጽፈን እንለጥፋለን። በካላንደሩ የጳጉሜን ገጽ ላይ "ለምን አይጥ አደረጋችሁ?" እያላችሁ በየዓመቱ የምታስቁኝም፣ ዘንድሮም ፍልፈሉ ነው። ቀበሮው የሚበላው እሱን ነው፣ ምን ላድርግ።

ከአክብሮት ጋር፣
የሱቁ ባለቤት