ስለዚያ መርፌ

እማዬ፣ እንደምን አለሽ? እኔ ደህና ነኝ። ሰላምታውን ላሳጥረው፣ ስልክ ማንሳት ካቆምሽ ሰነበትሽ። «እህቷን መርፌ ነፈገቻት» ማለትሽንም ሰምቻለሁ።

ሰስቼ አይደለም። እህቴ መንታ አርግዛለች ብሎ ጎረቤት «መንታውን ይይዝላታል» ያላችሁ ፕሮጄስትሮን የሚሉት ሆርሞን ነው። ማህፀን ያለ ጊዜው እንዳይኮማተር ያረጋጋል ተብሎ ነው የሚሰጠው። እዚህ የማውቃትን አዋላጅ ነርስ ጠየቅኋት፤ ሳቀችብኝ። መንታ ባረገዙ ከ600 በላይ እናቶች ላይ ተሞክሮ በፈረንጆች 2007 ውጤቱ ሲወጣ፣ መርፌውን የተወጉትም ያልተወጉትም ያለ ጊዜው በመውለድ እኩል ሆኑ። ብሪታንያም 500 እናቶች ላይ በሌላ መልኩ ሞክረውት በ2009 ያው መልስ መጣ። የመርፌውን ፈቃድ ደግሞ የአሜሪካ መንግሥት በ2023 ሰርዞታል። ታዲያ ምን ልላክላት?

የማህፀኗ አንገት ቀድሞ ካጠረ ግን ነገሩ ሌላ ነው። ከ25 ሚሊ ሜትር በታች ከሆነ፣ ሐኪሙ ያንኑ ሆርሞን፣ በመርፌ ሳይሆን በብልት በኩል የሚደረገውን ዓይነት ሊያዝላት ይችላል። እሱን የሚለካው አልትራሳውንድ ነው፣ የጎረቤት አፍ አይደለም። ብሩን የላክሁትም ለዚህ ነው።

ደግሞ ሰባተኛ ወሯ ሳይገባ ደሴ አክስቴ ቤት ትግባ። ከመንታ እርግዝና ከግማሽ በላይ የሚሆነው 37 ሳምንት ሳይሞላ ነው የሚወለደው። ምጡ ቀድሞ ከመጣ ለልጆቹ ሳንባ የሚሰጥ ዴክሳሜታዞን የሚባል መርፌ አለ። እሱ የምሩን ይጠቅማል፣ አገር ቤትም አለ፣ ርካሽ ነው። ግን ከመውለዷ አንድ ቀን ቀደም ብሎ ቢጀመርላት ነው ጥሩ። ከወረኢሉ በሌሊት መኪና ስትፈልጉ ያ ቀን ያልፋል።

የሠርጓን ቪዲዮ አሁንም ከሥራ ስመለስ አውቶቡስ ውስጥ አየዋለሁ። ሁሉም ሲጨፍር አንቺ ከኋላ ጎንበስ ብለሽ የቬሎዋን ጫፍ ጭቃ እንዳይነካው ይዘሻል። እሷ ዞር ብላ እንኳን አላየችሽም፣ ጥርሷ አልከደን ብሏል። እኔ ብኖር ያቺን ጫፍ የምይዘው እኔ ነበርኩ። ወረቀቴ አላለቀም ነበር፣ ታውቂያለሽ። ደጃችን ላይ ያለው ግራርስ? ፈልጌ አጣሁት። ቆረጣችሁት እንዴ?

ሥራዬ ቀላል ነው፣ አረጋውያንን መንከባከብ ነው። «ከሳሽ» አትበይኝ፣ የስልኩ ካሜራ ነው። አንቺ የደም ግፊት መድኃኒትሽን እንዳታቋርጪ። ሳልከፍል ቀረሁ ብለሽ ከእህቴ ብር እንዳትቀንሺ፣ ያንቺን ለብቻ ጨምሬበታለሁ።

ብሩ በባሏ ስም ነው የተላከው፤ መታወቂያውን ይያዝ። ሰኞ ደሴ ይውሰዳት። አንገቱን ካልለኩላት አፉን ከፍቶ ይጠይቅ፣ አይፈር። የተለካውን ቁጥር በቴሌግራም ይላክልኝ። አንቺ እስከዚያ አኩርፊኝ፣ ችግር የለም። ስልኩን ግን አንሺ።

ልጅሽ